ጋሻ ጃግሬው የት ሄደ?

 

የዛሬው ረዘም ያለ ስለሆነ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ጉዳዩ የአሻንጉሊት ወታደር ነው። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። ቁመቱ 28 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ፣ ተቆርጦ፣ ተለጥፎ፣ በቀጭን ብሩሽ ቀለም የሚቀባ የፕላስቲክ ወታደር። ሰሞኑን የሠራኋቸውን የግሪክ ወታደሮች ፎቶ ስለጥፍ ግማሻችሁ "ያምራል" አላችሁኝ። ግማሻችሁ ደግሞ በውስጥ መስመር "ቲቸር፣ በደህናዎት ነው?" ብላችሁ ጠየቃችሁኝ። ለሁለታችሁም መልስ አለኝ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። የጥንት ግሪክ ጦር በጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ሰው ጋሻ ተሸካሚውን፣ ስንቅ ጫኙንና ድንጋይ ወርዋሪውን ካልሠራ የግሪክ ጦር አልሠራም። የሠራው የግሪክን ሐውልት ነው።

ለማታውቁት፣ ጨዋታው እንዲህ ነው። ከአንድ ዘመን አንድ ጦር ትመርጣላችሁ። ወታደሮቹን አንድ በአንድ ትሠራላችሁ፣ ትቀባላችሁ፣ በትንንሽ አራት ማዕዘን ካርቶን ላይ በረድፍ በረድፍ ትለጥፋላችሁ። ጓደኛችሁም የራሱን ጦር ይዞ ይመጣል። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ኮረብታና ወንዝ ይሠራል፤ በማስመሪያ እየለካችሁ፣ ዳይስ እየጣላችሁ ትዋጋላችሁ። የልጅ ነገር የሚመስለው ካለ፣ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 "ትንንሽ ጦርነቶች" የሚል መጽሐፍ የጻፈው ስለዚሁ ጨዋታ ነው። ከእሱ በፊትም የፕሩሺያ ጦር መኮንኖቹን በካርታና በትንንሽ ቁራጮች እያጫወተ ያሠለጥን ነበር።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ የግሪክ ጦር በጣም ተወዳጅ ነው። ለምን መሰላችሁ? ያምራላ! የነሐስ ራስ ቁር፣ ላዩ ላይ የፈረስ ጭራ ጉትዬ፣ ክብ ጋሻ፣ ጋሻው ላይ እባብ፣ ጊንጥ፣ አውራ ዶሮ። ለዚህ ነው ሣጥኑን ስትገዙ ውስጡ የምታገኙት በአብዛኛው ሆፕላይት የሚሆነው። ሆፕላይት ማለት ከባድ ጋሻና ረጅም ጦር ይዞ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ የሚዋጋ እግረኛ ነው። ትጥቁን የሚገዛው በራሱ ገንዘብ ስለሆነ ሆፕላይት ለመሆን ጥሪት ያስፈልጋል። የድሃ ደንብ ልብስ አይደለም።

እስቲ አሁን አብረን እንቁጠር። ሁሌ እንደምላችሁ፣ ታሪክ ላይ መቁጠር የማይወድ ሰው በቀላሉ ይታለላል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ479 ግሪኮች ፕላቴያ በምትባል ከተማ አጠገብ የፋርስን ጦር ድል አደረጉ። የጦሩን ዝርዝር ያቆየልን ሄሮዶቱስ ነው። በእሱ ቁጥር ሆፕላይቶቹ 38,700 ነበሩ። ከስፓርታ ዜጎች 5,000፣ በስፓርታ ዙሪያ ካሉ ከተሞች ነዋሪዎች (ፔሪኦይኮይ ይሏቸዋል) 5,000፣ ከአቴና 8,000፣ ሌላውም እንዲሁ። እስከዚህ ድረስ ሣጥኑ ላይ ያለው ሥዕል ትክክል ነው።

ግን ሄሮዶቱስ እዚያ ላይ አላቆመም። ቀላል መሣሪያ የያዙ ሌሎች 69,500 ሰዎችም ነበሩ ይለናል። ከእነዚህ ውስጥ 35,000ዎቹ የስፓርታ ሄሎቶች ናቸው፤ ለእያንዳንዱ የስፓርታ ዜጋ ሰባት ሰባት ማለት ነው። ሌላው ሆፕላይት ደግሞ በአማካይ አንድ አንድ ሰው ተከትሎታል። ደግሞም "ተሸካሚ ብቻ ናቸው" እንዳትሉኝ፣ ሁሉም ለጦርነት የታጠቁ ነበሩ ብሎ ጽፏል።

ይኼን ወደ ጠረጴዛ እናምጣው። አንድ አሻንጉሊት 250 ሰው ይወክል። የስፓርታን ክፍል ብቻ ብንሠራ 20 የስፓርታ ዜጋ፣ 20 ፔሪኦይኮይ፣ 20 የእነሱ ተከታይ እና 140 ሄሎት ይሆናል። ድምሩ 200። ሣጥኑ ላይ የተሣለው፣ ፊልም የሚሠራለት፣ ልጆች ደብተራቸው ላይ የሚለጥፉት የስፓርታ ጀግና ከ200ው 20 ነው። ከአሥር አንድ!

እኔ ሙሉውን 200 እየሠራሁ ነው። ሃያዎቹ አልቀዋል። ከ140ዎቹ ገና 60 ላይ ነኝ።

ሄሎት ማነው? የስፓርታ ዜጎችን መሬት የሚያርስ፣ ከመሬቱ ጋር የታሰረ ሰው ነው። ገባር ብንለው ያንስበታል፤ ገበያ ወጥቶ እንደሚሸጥ ባሪያም አይደለም። ብዙዎቹ ስፓርታ ጎረቤቷን ሜሴንያን በጦር ስትይዝ እዚያው በገዛ መሬታቸው ላይ ጭሰኛ የሆኑ ሕዝቦች ናቸው። የስፓርታ ዜጋ ዕድሜውን ሙሉ ወታደር ሆኖ መኖር የቻለው ሌላ ሰው ስላረሰለት ነው። ያ ጡንቻ፣ ያ ሥልጠና፣ ያ "አንሸሽም" ማለት ሁሉ የበቀለው በሄሎት እርሻ ላይ ነው። ታዲያ ሃያውን ሠርቶ 140ውን መተው ዛፉን ሥሎ መሬቱን እንደመተው አይሆንም?

በአማርኛ ለዚህ ሰው ቃል አለን፤ ጋሻ ጃግሬ። ዛሬ ዛሬ ቃሉን ለስድብ ነው የምናውለው፣ የባለሥልጣን አጨብጫቢ ለማለት። ጥንት ግን የጌታውን ጋሻ ተሸክሞ አብሮት የሚዘምት፣ አብሮት የሚሞት ሰው ነበር። የኛንም ዘመቻዎች ስናወራ ስንቅ የቋጠረችውን፣ በቅሎ የነዳውን፣ ውኃ የቀዳውን ዘለን ወደ ጎራዴው መሮጥ እንወዳለን። በሽታው የግሪክ አድናቂዎች ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ ልግባ። አንዳንዱ ሰው "እሺ፣ ነበሩ፤ ግን ውጊያውን አልወሰኑትም፤ ለምን ጠረጴዛ እናጣብባቸዋለን?" ይላል። የፕላቴያን ታሪክ በደንብ ላንብብላችሁ።

ሁለቱ ጦሮች ወንዝ ለያይቷቸው ለቀናት ተፋጠጡ። የግሪኮች ስንቅ የሚመጣው ከደቡብ፣ ከፔሎፖኔዝ፣ በኪታይሮን ተራራ መተላለፊያ ነው። አንድ ሌሊት የፋርስ ፈረሰኞች መተላለፊያው ላይ አድፍጠው እህል የጫኑ 500 የጋማ ከብቶችን ከነነጂዎቻቸው ያዙ። ሰውም ከብትም ሳይለዩ ገደሉ፤ የተረፈውን ነድተው ወሰዱት። ቀጥለው ደግሞ ፈረሰኞቹ ግሪኮች የሚጠጡበትን ጋርጋፊያ የሚባል ምንጭ ረግጠው አደፈረሱት። ስንቅ ለማምጣት የሄዱት አገልጋዮችም መንገዱ ተዘግቶባቸው ተራራው ላይ ቀሩ። ግሪኮቹ በሌሊት ቦታ ለመቀየር የወሰኑት ለዚህ ነው፤ ውኃ ስለጠፋ፣ እህል ስላለቀ፣ ተራራው ላይ የቀሩትን ተሸካሚዎች ማውረድ ስላስፈለገ። በዚያ ሌሊት ጉዞ ጦሩ ተበታተነ። ሲነጋ የፋርሱ አዛዥ ማርዶንዮስ "ሸሹ" ብሎ ተከተላቸው፣ ውጊያውም ተጀመረ።

ልብ በሉ። ከታሪክ ታላላቅ ውጊያዎች አንዱ የተቀሰቀሰው በአህያ ነጂና በውኃ ቀጂ ጉዳይ ነው። ጠረጴዛችሁ ላይ አህያ ከሌለ፣ ምንጭ ከሌለ፣ ተራራው ላይ የቀረ ተሸካሚ ከሌለ የምትጫወቱት ፕላቴያን አይደለም። ሁለት የሚያማምሩ ረድፎች እየተጋጩ ነው፣ በቃ።

ለዚህ ነው የጨዋታው ሕግ ራሱ መሻሻል አለበት የምለው። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው ዲ ቢ ኤ በሚባለው ታዋቂ ሕግ አንድ ጦር 12 ቁራጮች ናቸው። ጦር የያዘ ከባድ እግረኛ አንዱ ካርቶን ላይ አራት ሰው ይቆማል፤ ቀላል መሣሪያ የያዘው ግን ሁለት ብቻ። ለጨዋታ ፍጥነት ጥሩ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ዓይን የሚያየውን ያምናል፤ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ብዙ ያየውን "ብዙ ነበር"፣ ጥቂት ያየውን "ጥቂት ነበር" ብሎ ይይዛል። እኔ የማደርገው ቀላል ነው። ከጦሩ ጀርባ የጓዝ ቦታ አስቀምጣለሁ። ጓዙ ከተያዘ ጦሩ በየዙሩ አንድ ነጥብ ይቀነስበታል። ይኼን ባደረግሁ በመጀመሪያው ጨዋታ ተጋጣሚዬ ጀግኖቹን ትቶ አህዮቹን መጠበቅ ጀመረ። ይኼ የጦር አዛዥ አስተሳሰብ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ሥራው፤ "እኛም እንሞክር" ላላችሁኝ።

መጀመሪያ ልኬት። 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 28 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሁሉም ነገር ወደ 60 እጥፍ ገደማ አነሰ ማለት ነው። የሆፕላይት ጋሻ ስፋቱ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለነበር 15 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የኮት እጅጌ ቁልፍ ማለት ነው። ጦሩ 2 ሜትር ከ40 ብንል 4 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ስቲኪኒ አትጠቀሙ፣ ይወፍራል። የፕላስቲክ መጥረጊያ ጭራ ልክ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን አስፈቅዱ።

ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ከፍሬሙ ለመቁረጥ ጥፍር መቁረጫ፣ ጠርዙን ለማለስለስ የጥፍር ሞረድ፣ ለመለጠፍ ሙጫ። ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ግራጫ ወይም ጥቁር ስፕሬይ ንፉበት፤ አለበለዚያ ቀለሙ ፕላስቲኩ ላይ አይዝም። ከዚያ ዋናውን ቀለም ቀቡ። ሲደርቅ በውኃ የቀጠነ ቡናማ አፍስሱበት፤ የልብሱ እጥፋት ውስጥ ገብቶ ጥላ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ጎላ ያለውን ቦታ በፈዛዛ ቀለም ነካ ነካ። ካርቶኑ ላይ ኮላ ቀብታችሁ አሸዋ ነስንሱበት። ደረቅ የግሪክ መሬት ይመስላል።

ሣጥን ከውጭ የሚያመጣ ዘመድ የሌላችሁ አትጨነቁ። ሄሎት ለመሥራት ሣጥን አያስፈልግም። ቀጭን ሽቦ ሰው አስመስላችሁ አጣምሙ፣ ኮላ የነከረ ሶፍት ጠቅልሉበት፣ ሲደርቅ ቀቡት። ከእኔ 60ዎቹ ውስጥ ብዙዎቹ እንደዚህ የተሠሩ ናቸው። እጃቸው ወፍራም ነው፣ ፊታቸው አይታይም፤ ከአንድ ክንድ ርቀት ስታዩዋቸው ግን ሰዎች ናቸው።

ስለ ቀለም አንድ ሁለት ነገር። የስፓርታ ወታደር ቀይ ልብሱ የታወቀ ነው፣ ቀይ ቀቡ። ጋሻ ላይ የሚደረገውን ላምዳ የተባለ የግሪክ ፊደል ግን ለፕላቴያ ባትቸኩሉ ጥሩ ነው፤ ማስረጃው የሚገኘው ከዚያ በኋላ ካለው ከፔሎፖኔዝ ጦርነት ዘመን ነው። ባዶ ደረት በፊልም ነው ያለው። ለሄሎቶቹስ? አንድ ጥንታዊ ጸሐፊ፣ የፕሪዬኔው ሚሮን፣ ሄሎቶች የውሻ ቆዳ ቆብ እንዲያደርጉና ቆዳ እንዲለብሱ ይገደዱ እንደነበር ጽፏል። በየዓመቱም ያለ ጥፋታቸው የተወሰነ ግርፋት ይገረፉ ነበር ይላል፤ ባሪያ መሆናቸውን እንዳይረሱ። እንግዲህ ቡናማ፣ ግራጫ፣ የቆዳ ቀለም። 140 ጊዜ ቡናማ ቆብ መቀባት አሰልቺ ነው። ይሰልቻችሁ። ስልቸታው ራሱ ትምህርት ነው፤ ቁጥሩ በጣታችሁ ይገባል።

ደግሞ ስትሠሩ እጃችሁ የሚጠይቃችሁ ጥያቄ አለ። ጋሻው ብቻውን ከ6 እስከ 8 ኪሎ ይገመታል። ከስፓርታ እስከ ፕላቴያ በእግር ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያንን ጋሻ ማን ጀርባ ላይ ልለጥፈው? መጽሐፍ ስታነቡ ይኼ ጥያቄ አይመጣም። ሙጫ ይዛችሁ ስትቀመጡ ይመጣል።

ተቃውሞዎችን ደግሞ ላስተናግድ።

አንደኛ፣ "ሄሮዶቱስ ቁጥር ያጋንናል" የሚል አለ። እውነት ነው፣ በተለይ የፋርስን ጦር ሲቆጥር ማጋነኑ የታወቀ ነው። የሰባቱን ሄሎት ነገር የሚጠራጠሩ የታሪክ ሊቃውንትም አሉ። ይሁን፣ ግማሹን ጣሉት። 17,500 ይቀራል፤ አሁንም ከስፓርታ ዜጎች ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። የፈለጋችሁትን ያህል ቀንሱ፣ ወደ ዜሮ የሚያደርሳችሁ ማስረጃ የለም። ሣጥኑ ግን ዜሮ ነው የሚላችሁ።

ሁለተኛ፣ "ቴርሞፒሌስ? 300ዎቹስ?" የሚል አይጠፋም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ቴርሞፒሌ ላይ 300 ስፓርታውያን ብቻ አልነበሩም። መጨረሻው ቀን ላይ እንኳ 700 የቴስፒያ ሰዎችና 400 የቴብስ ሰዎች አብረዋቸው ነበሩ። ሄሮዶቱስ አንድ ነገር ጨምሮ ይነግረናል። ከውጊያው በኋላ የፋርስ መርከበኞች ሬሳውን ሊያዩ መጡ፤ የወደቁትን ግሪኮች በሙሉ የስፓርታና የቴስፒያ ሰዎች መሰሏቸው። እዚያ የተኙት ግን ሄሎቶችም ነበሩ። አያችሁ? ሞተውም በሌላ ሰው ስም ተቆጠሩ። እኛም ያንኑ ስሕተት ከ2,500 ዓመት ገደማ በኋላ በፕላስቲክ እየደገምነው ነው።

ሦስተኛው ከባዱ ነው፣ አንዲት የድሮ ተማሪዬ የጻፈችልኝ። "ቲቸር፣ አገሩ ሁሉ በጦርነት ቆስሎ እያለ የጦርነት ጨዋታ እንዴት ያስችልዎታል?" አለችኝ። ጥያቄዋ ልክ ነው፣ አክብሬ ነው የምመልሰው። ልጄ፣ ልጆቻችን ጦርነትን ከየትም ያገኙታል፤ ከስልክ፣ ከፊልም፣ ከዘፈን። እዚያ የሚያገኙት ጦርነት ጀግና ብቻ ያለበት ነው። የሚራብ የለም፣ የሚሸከም የለም፣ በስሙ የማይቀበር የለም። ሰውን የሚያጓጓው ያ ዓይነቱ ጦርነት ነው። ዌልስም በመጽሐፉ መጨረሻ ትንሹን ጦርነት የተጫወተ ሰው ትልቁ ጦርነት ምን ያህል ጅልነት እንደሆነ ይገባዋል ይላል። እኔ እስማማለሁ፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፤ ጠረጴዛው ላይ ሁሉም ሰው ካለ። ተሸካሚው የሌለበት ጨዋታ ጦርነትን ያሳምራል። ተሸካሚው ያለበት ያስቆጥራል።

ለመሆኑ ሄሎቶቹ መጨረሻቸው ምን ሆነ? ከፕላቴያ ድል በኋላ ስፓርታውያን ሙታናቸውን በሦስት መቃብር ቀበሩ፤ ከሦስቱ አንዱ የሄሎቶች ነበር። መቃብር ማግኘታቸው ቀላል ነገር አይደለም። ቱሲዲደስ የጻፈው ደግሞ ሌላ ነው። በአንድ ወቅት ስፓርታውያን "በጦርነት ከሁሉ በላይ አገልግለናል የምትሉ ወደፊት ውጡ፣ ነፃ እናወጣችኋለን" ብለው አስነገሩ። ወደ 2,000 ሰው ተመረጠ። የአበባ አክሊል ደፍተው፣ ነፃ ወጣን ብለው ቤተ መቅደሶቹን ዞሩ። ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ጠፉ። እያንዳንዱ እንዴት እንደሞተ ያወቀ የለም። ደፋሩ ማን እንደሆነ ለማወቅ የተጠራ ጥሪ ነበር።

በእኔ ልኬት 2,000 ሰው ስምንት አሻንጉሊት ነው። ከ140ዎቹ ውስጥ ለስምንቱ ራሳቸው ላይ አረንጓዴ አክሊል ቀብቼላቸዋለሁ። የፕላቴያ ሰዎች አይደሉም፣ ዘመኑም አይገጥምም፤ አውቄ ነው ያደረግሁት። ጨዋታ ላይ ምንም ጥቅም የላቸውም። ግን የሚያይ ልጅ ሁሉ "እነዚህ ለምን አበባ አደረጉ?" ብሎ ይጠይቃል፣ እኔም እነግረዋለሁ።

ታሪኩ በዚያ አላለቀም፣ ደስ የሚል ጫፍ አለው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ371 የቴብሱ ኤፓሚኖንዳስ ሌውክትራ ላይ የስፓርታን ጦር ሰበረ። በ369 ገደማ ወደ ሜሴንያ ገብቶ ሄሎቶቹን ነፃ አወጣ፤ ሜሴኔ የምትባል የራሳቸው ከተማም ተመሠረተች። ግንቧ ዛሬም ቆሟል። ስፓርታ ከዚያ በኋላ የድሮዋን ስፓርታ አልሆነችም። የሚያርስላት ሰው ሲሄድ ጀግንነቷም አብሮ ሄደ።

ስለዚህ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ አሁን ወላጅ የሆናችሁ፣ ልጆቻችሁ ስፓርታን በፊልም አይተው ከወደዱ አትከልክሏቸው። ጋሻውን በቁልፍ፣ ጦሩን በመጥረጊያ ጭራ አብራችሁ ሥሩ። ጀግናው አልቆ ጠረጴዛው ላይ ሲቆም አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቋቸው፤ "ጋሻውን ማን ተሸከመለት?" ከዚያ ሽቦና ሶፍት አቅርቡላቸው።

የሠራችሁትን ፎቶ ላኩልኝ። ወፍራም እጅ፣ ጠማማ እግር ችግር የለውም። ቁጥሩ ግን ይሙላ።

ቸር እንሰንብት።